ሠላሳ ሦስት ቁጥር

ክረምት ሊገባ ሲል፣ አዘዞ ላይ ሳልፍ፣
አየኋቸው ቆመው፣ አራት ጎማ በሰልፍ።
ጥርሳቸው የጠለቀ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣
ገና ሳይገዟቸው፣ ጭቃ ነካሽ፣ ጠጠር ተፊ።

«ስንት ቁጥር ናቸው?»
«ሠላሳ ሦስት። ይቅር።»
ባዩ ጎሚስታው ጎንበስ አለ፣ ከፓራፋንጎው ሥር፣
አራት ጣቱን ከትቶ፣ ክፍተቱን ሲቆጥር፤
«መሪ ስትጠመዝዝ እዚች ጋ ይነካል፤ ትታይሃለች?
ወይ ባሌስትራ ጨምር፣ ወይ ተዋት፣ እንዳለች።»

አልሰማሁም።
ካቻምና ጯሂት ላይ፣ ዋልካ ውጦኝ ነበር፣
ከነነጭ ሽንኩርቴ፣ እስከ ወገብ፣ እስከ በር።
ሁለት በሬ ጠምደው፣ በጠፍር ጎተቱኝ፣
ልጆቹ ዳር ቆመው፣ «ሳብ ቦራ!» እያሉኝ።
ያ ሳቅ ነው ጎማውን የገዛው፤
እኔ ገንዘቡን ብቻ ነው የከፈልኩ።

ክሪክ ገባ ከሥሯ፤ ቡሎኑ ተፈታ፣
ሰጠኝ የባዩ ረዳት፣ ቸርኬውን ሲመታ፣
ዓመት የጣልኩት ዕቁብ፣ አለቀ ባንድ አፍታ።
አሮጌዎቹን አራት፣ እዚያው ጥዬ ወጣሁ፣
ዘወር ብዬም አላየሁ።

ስትወርድ ከክሪኩ፣ ያን ቀን ገና ቆመች፣
ከአይሱዙው ጋራ ዓይን ለዓይን ተያየች።
ሠፈር ስደርስ ዝማም፣ በር ላይ ቆማ አየችኝ፣
«በምን ልወጣባት?» ብቻ ነው ያለችኝ።
በርጩማ አወጣሁላት።

በማግስቱ ፒያሳ፣ ወደ ግራ ሳዞር፣
አንድ ነገር ጮኸ፣ ከወለሉ በስተሥር፤
ባጃጁ ቆመ፣ ሊስትሮው ቀና አለ፣
«ፍየል ገጨህ እንዴ?» ያለኝም ሰው አለ።
ፍየል አይደለም።
ጎማው ፓራፋንጎን ይበላል፣ ፓራፋንጎው ጎማውን፣
ሁለቱም ተስማምተው የኔን ኪስ።
ከዚያ ወዲህ ግራ መዞር ቀረብኝ፤
ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ ዞሬ ነው፣ ወደ ግራ የምሄድ።
ከተማዋን እንደ አዲስ ተማርኳት፣ በጓሮ በጓሮዋ።

ቆጣሪዋም ዋሸች።
ማክሰኚት መግቢያ ላይ ትራፊኩ አስቆመኝ፤
«ሰባን አልፈሃል» ሲል፣ «ስልሳ ነው» ብዬ ማልኩ፤
ዓይኔ ያየው ስልሳ ነው፣ በሐሰት አልማልኩም፣
መርፌዋ የቆጠረችው ግን የድሮውን እግሯን ነው።
በሷ ቆጠራ ሁሉም አገር ቀረበ፤
ነዳጁ ብቻ እንደ ሩቅ መንገደኛ ያልቃል።

አልክድም ግን፤
አንድ ቀን ነሐሴ ላይ፣ ጯሂት፣ እዚያው ቦታ፣
ዋልካውን ሰንጥቃ ወጣች፣ ሳትንገዳገድ ላፍታ።
መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ግራ ቀኝ ተመለከትኩ፣
የሚያይ ሰው ፈለግኩ።
ማንም የለም። በሬዎቹ እርሻ ናቸው፣
ልጆቹም የት እንደሄዱ እንጃ።
ጥሩንባ ነፋሁ። ቁራ ተነሣ።

መስከረም ሲጠባ፣ ወደ ባዩ ሄድኩኝ፣
«እነዚያን አሮጌዎች፣ እባክህ መልስልኝ።»
እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሳቁን ዋጥ አደረገ፤
«ቅዳሜ ገበያ ናቸው፤ በረባሶ ሰፊው ወሰዳቸው።
ቀን እንኳ አላደሩ።»

ይኸው አሁን፣ የቀሃን ድልድይ አልፌ፣
ዳገቱን ስጀምር፣ ድንች ሙሉ ደርድሬ፣
ሦስተኛ ማርሽ ሁለተኛን ይለምናል፣
ሁለተኛው አንደኛን፣
አንደኛው ማንን ይለምን?
ፍሪሲዮኑ ሸተተኝ።

ከጎኔ በእግሩ አንድ ልጅ አለፈኝ፣ ሰጠኝ ነው፣
አፉን በሸንኮራ ሞልቶ፣ ዘና ብሎ፣ ቀድሞኝ ነው።
ተረከዙን ባነሣ ቁጥር አየኋት፣
ያቺን ቀይ ልጣፍ፣
አይከል መንገድ ላይ ሚስማር የበላሁባትን፣
ራሴ ያስለጠፍኳትን።
ልኩ ሆናለታለች። የትም አትነካውም።

መኪናዋ ቀጥ ስትል፣ ዞር ብሎ አየኝ።
ሸንኮራውን ጣለ፣ «ልግፋህ?» አለኝ።
መልስ ሳይጠብቅ ከኋላ ዞረ፤
ሁለት እግሩን አስፋልቱ ላይ ተከለ፣
በኔ ጎማ ቆሞ
ገፋኝ።