ምራቂ

አባቴ ሰኞ ገበያ ምስር ይሸጣል፤
ሚዛኑ አሮጌ ነው፣ አንድ ጎኑ ጎብጧል።
የግማሽ ኪሎው ብረት ከጠፋ ወዲያ
ከቦርከና ያመጣት ድንጋይ ናት መመዘኛ፤
ሦስት ቦታ አስለክቶ እውነቷን ያጸደቀ፣
እንደ ልጁ የሚምልባት፣ በጨርቅ የጠቀለለ።

ግን መርፌው መሐል ላይ ጸጥ ብሎ ሲቆም
አባቴ እዚያ አያበቃም፤
ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ይዘግናል፣
«ይኼ ምራቂ ነው» ይላል፤
«ልኩን ብቻ የሰጠ እጅ፣ ምኑን ሰጠ ይባላል?»
በዚህ እጅ ነው እኔ ያደግሁት፣
ዓለም ሁሉ ከልኩ በላይ የሚጨምር መስሎኝ የኖርሁት።

ውጤት የወጣ ዕለት ኔትወርክ አልነበር።
ከቧንቧ ውሃ እስከ ሸዋ በር
ልጅ ሁሉ ስልኩን ወደ ጦሳ አንስቶ
ዱዓ ላይ ያለ ይመስል እጁን ዘርግቶ።
የእኔ ዘግይቶ ተከፈተ።
መቁረጫው እዚያ፣ እኔ እዚህ፣
መሐላችን አንድ ነጥብ።
አንድ።
የምስር ፍሬ እንኳ አታክል።

ሂክመት ግን አለፈች።
የአንድ ዴስክ ጓደኛዬ፣ ግድግዳ የምንጋራ፤
ሞልን ያስረዳኋት ምስር እየቆጠርኩ፣
ጆንያ ጀርባ ላይ በጠመኔ እየጻፍኩ።
«አንቺ ባትኖሪ» አለች፣ እያለቀሰች አቀፈችኝ፤
ደስታዋ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆመብኝ።

ሰፈሩ ደግሞ አወራ፦
«አጎቷ ኮሌጁ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አለ፣
ያለ ሰውማ ማን ገባ?» እየተባለ።
እውነት ይሁን ሐሰት አልጠየቅኩም፣ አላጣራሁት፤
ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደ ከረሜላ መጠጥኩት፣
ስለጣፈጠኝ አመንኩት።

ቅሬታ ላስገባ ጢጣ ሄድኩ።
በመስኮቷ ቀዳዳ ወረቀቴን አሾለክኩ።
ሰውዬው ሻዩን አማሰለ፣ ስክሪኑን አየ፣
«እህቴ፣ አንድ ነጥብም ነጥብ ነው» አለኝ በትሕትና፣
«ከአንቺ ሥር ደግሞ ሌላ አንድ የጎደላት አለችና።»
ክፉ ቢሆን ኖሮ እጠላው ነበረ፤
ደግ ነበር። ንዴቴ ማረፊያ አጥቶ አደረ።

ወደ ቤት በእግሬ። ጭጋግ ጦሳን ውጦታል።
አርባ ሦስተኛዋ ጥያቄ ትዝ ትለኛለች፦
መጀመሪያ ሲን አጥቁሬ፣
በኋላ ተጠራጥሬ፣
አጥፍቼ ቢ ያልኳት።
ሲ ነበረች።
ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ላጲሱ ግን የሂክመት ነበረ፤
ልቤ ይህንንም እንደ ክስ መዝግቦ አኖረ።

አባቴ ሦስት ቀን ምንም አላለ።
በአራተኛው ሚዛኑን እየወለወለ
«እኔ ብመዝንሽ ኖሮ…» ብሎ ጀመረ፣
የቀረውን ግን እንደ ጆንያ አፍ አሰረ።

ሰኞ የሂክመት እናት መጡ።
«ነገ ለልጄ ዱዓ አለ፤ ሁለት ኪሎ ምስር።
አንቺም ትመጫለሽ አይደል?»
አባቴ ሶላት ሄዷል። ሚዛኑ ከእኔ ጋ ነው።
መዘንኩ። መርፌው ሄደ፣ መጣ፣ መሐል ቆመ።
ልክ ሁለት። ማንም የማይከሰው።
«መርቂልኝ» አላሉም። ዓይኔን ፈሩት መሰለኝ፣
የነጠላቸውን ጫፍ እየፈተሉ ጠበቁኝ።
እጄ ጆንያው አፍ ላይ ቀረ።
ለዚያች ቅጽበት የጢጣውን ሰውዬ ሆንኩ፤
ልክ መሆን እንዴት እንደሚበርድ ያኔ አወቅኩ።

ዘገንኩ።
ሙሉ እፍኝ አይደለም፣ አልዋሽም፤
ግማሹ በጣቶቼ መሐል ተመልሶ ፈሰሰ፣
የተረፈው ሚዛኑ ላይ ወደቀ፣
መርፌው ትንሽ ወደ እሳቸው ዘመመ።
«አላህ ይመርቅሽ» አሉ።

ይመርቀኝ ይሆናል፤ መቼ እንደሆን እንጃ።
የቀረውን ግማሽ እፍኝ
ነገ ለዱዓው ይዤ እሄዳለሁ፣
ከቻልኩ።