ለሳቅ፦ ሃያ ብር

ደመወዝ በገባ በማግሥቱ ማታ፣
ማስተዋል ደብተሯን አልጋው ላይ ዘርግታ፣
ብሩን በየጎራው ታሰልፈዋለች፤
የሸሸ አለ ብላ ደግማ ትቆጥራለች።

በመጀመሪያ ኪራይ፤ ለእሱ ቀልድ የለም፤
የጋሽ ይርዳው ሳል የጉንፋን አይደለም።
ከዚያ እህል፤ ነጭ ጤፍ ስሙን ብንወደውም፣
በቆሎ ሳይታከል ወሩን አይዘልቀውም።
ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ሳሙና በግማድ፣
ሻማ መብራት ሲሄድ (መሄዱም ነው ልማድ)።
በርበሬ ከጅጋ እናቴ ልካለች፤
ጆንያው ባዶውን አይሂድባት ብላ
ማስተዋል ሩብ ስኳር ሸጉጣበታለች።

እኔ ፍኖተ ሰላም፣ ውሃ ቢሮ፣ መዝገብ ቤት ነው ሥራዬ፤
ውሃው ግን በሦስት ቀን አንዴ ነው ጓሮዬ።
ኮቴን ገልብጦልኝ ልብስ ሰፊው አትርሳው
«አዲስ ነው» ይሉኛል፤ እኔም አላነሳው።
የደረት ኪሱ ብቻ በቀኝ በኩል ሆኗል፤
እጄ እስክሪብቶ ሲሻ ግራዬን ይዳብሳል።

ቅዳሜ ገበያ ማለዳ አንወጣም፤
ማልዶ የሄደ ሰው ዋጋ እንጂ ዕቃ አያመጣም።
አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
የጭነት አህያ ለመሄድ ስትጨነቅ፣
ቲማቲም ሻጯ «በይ ውሰጂው» ትላለች፤
ያን ጊዜ ማስተዋል ዘንቢሏን ትከፍታለች።
የፈረጠው ለማታ፣ የበሰለው ለሰኞ፣
ጥሬው ጭድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል ማክሰኞ።

ውሸት ምን ያደርጋል፤ የሚከፋም አለ።
ትምህርት ቤቱ ጣናን ለማስጎብኘት ብር ሲጠይቅ፣
አንሙት ወረቀቱን ከቦርሳው ሳያወጣ፣
«እኔስ መኪና ያመኛል» አለ፤
የስምንት ዓመት ልጅ፣ መኪና ተሳፍሮ የማያውቅ።
ያን ማታ ማስተዋል ደብተሯን አልከፈተች።
እኔም አልጠየቅሁም።

ከዕለታት አንድ ቀን ለብቻዬ ብገልጠው፣
ከኪራይ፣ ከዘይት፣ ከሻማው በታች ነው፣
በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ እንዲህ ይላል ጽሑፉ፦
«ለሳቅ ሃያ ብር።»
በየወሩ አለ፤ ቢከፋም ባይከፋም፣ ከገጹ ከጫፉ።
ከሥሩም ቅርብ ጊዜ የተጨመረ መስመር፦
«ጣና፣ በሳምንት አሥር ብር።»

ስለ ጣናው ዝም አልኩ። «ሳቁስ?» አልኋት።
«ረሳኸው ሸንኮራውን? ላህ ድልድይ ላይ ቆመን
አንዱን አገዳ ለአራት ሰብረን ስንግጥ፣
የአያልነሽ የወተት ጥርስ እዚያው ተሰክቶ ሲቀር፣
ልታለቅስ አፏን ከፍታ ሳቁ ቀድሞ ሲወጣ፣
ያ ሃያ ብር ነበር።»

ነሐሴ ላይ ደግሞ «በነጻ» ይላል ሳቁ፤
ጋሽ ይርዳው ነበሩ፣ ኪራይ ሊጨምሩ ከደጅ የዘለቁ።
«ቤቱ እኮ ደህና ነው፤ አያፈስም» ሲሉ
ጠብ! አለ ከጣሪያው፣ መላጣው መሃሉ፤
ቀና ሳይሉ በጋቢያቸው ጠርገው
«ለመስከረም እንየው» አሉ።

ዛሬ ማታ እንግዲህ ደብተሯም አልቋል፤
የመጨረሻው ቁጥር ልባሱ ጋ ደርሷል፤
አዲሱ ሱቅ ያለው አርባ ብር ገብቷል።
እስክሪብቶዋን ጥርሷ ላይ እየመታች
«ከየቱ ላይ ላንሳው?» ብላ ጠየቀች።

«ከሳቁ ተበደሪ» አልኋት፣ ኮቴን ስሰቅል፣
ግራ ደረቴን ዳብሼ፣ ኪሱን አጥቼ፣ ስንቀዋለል።
አየችኝ። ልጆቹ እንዳይነቁባት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤
ትከሻዋ ብቻ ተንቀጠቀጠ፣ አልጋውን አንጫጫች።
ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ወደ ልባሱ አጎንብሳ፣
«ሃያው ተከፈለ» አለች፤
«ሃያ ይቀርሃል።»