ሁለት ለጥፍልኝ

አባቴ ንጉሥ መትቷል፤ ግንባሩን፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀትር፣ ሕዝብ ተሰልፎ ሲያይ።
ዘውዱን፣ ጺሙን፣ ካባውን በጥቁር ቀለም እየቀባ፣
ወር ሲሞላ ለዚሁ ሥራው ደመወዝ ፈርሞ ሲገባ
ያሰረው ዘብ አልነበረም፤ እናቴም አላፈሰሰች እንባ።

ባይነሳኝ አጉማስ ነው ስሙ፤ መደቡ፦ ማኅተም መምታት፤
ጎንደር፣ ጣሊያን በሠራው ፖስታ ቤት፣ ከመስኮት ቁጥር ሦስት።
ድብ! — ዕለቱ ሰፈረ። ድብ! — ወሩና የከተማው ስም።
ከአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የገባው ቀለም በእንዶድ እንኳ አይለቅም።

ማታ ግን ያ መቺ እጅ ወጌሻ ይሆናል በተራው፤
ለብ ያለ ውኃ በሳህን፣ ከመብራቱ ሥር ያኖረው፤
ከተጣለ ፖስታ ጥግ በመቀስ የቆረጠውን ይነክራል፤
ሙጫው ቀስ ብሎ ይለቃል፤
ንጉሡ ከወረቀቱ ተላቆ ብቻውን ይንሳፈፋል።
«አትንኪው፣ ይድረቅ!» ይለኛል፤ ጣቴ ግን ካሁኑ እርጥብ ነው።
በጋዜጣ መሐል ይተኛል፤ የእናቴ ካውያ ክዳኑ ነው።

ታሪክ የተማርኩት ከደብተሩ ነው።
መጀመሪያው ገጽ፦ ዘውድና አንበሳ፤ ፈረንጅ አገር ታትሞ የመጣ፣
ዋጋው በገርሽ የተጻፈ፣ ከጥርሱ ግማሹ የወጣ።
ቀጥሎ አምስት ዓመት የሰው አገር ንጉሥ፤
ይህን ገጽ አባቴ ቶሎ ይገልጠዋል፣ ጣቱን በምራቁ ሳያርስ።
ከዚያ ወፍ። ብዙ ወፍ። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ አበባ፣
አውሮፕላን፣ ድልድይ፣ ግድብ — አገር መዳፍ ውስጥ ሲገባ።
አንድ ቀን ትእዛዝ መጣ፦ «ባለ ዘውዱ ይቆጠር፤ በጆንያ ይታሸግ፤ ይመለስ።»
ቆጥሮ አሸገ፤ ፈረመ። አንዱ ግን ደብተሩ ላይ ነው እስካሁን ድረስ።
ከዚያ ማጭድ፣ መዶሻ፣ ፊደል የምትቆጥር ሴት።
«ማንበብ ቻለች?» አልኩት፣ ማጭዱ ሲቀር፤ አባቴም አላወቀላት።

አንዱ ላይ የኛው ግንብ አለ፤ ፋሲል፣ በትንሽ ጣት ጥፍር ልክ፤
ከመስኮቱ ቀና ስል ደግሞ ያው ግንብ፣ በሙሉ መልክ።
የግንቡ አናት ጥርስ ጥርስ፤ የቴምብሩም ዳር እንዲሁ ቢደረደር፣
«ይኸንንም» አለኝ፣ «ከትልቅ ሉክ ቀዶ ነው የለጠፈው እግዜር።»

የመጨረሻው ቅጠል ግን ታሪክ አይባልም፤ ሰባት ቴምብር ነው ያልተመታ።
እሜቴ ትኩዬ ከቀሃ ማዶ፣ በየወሩ መባቻ ማልዳ ተነሥታ
በተማሪ ያስጻፈችውን ይዛ ትመጣለች።
ልጇ ግንባር ነው። አድራሻው ቁጥር ብቻ፤ አገር የለው።
«ስንት ነው?»
«ሃያ ሳንቲም።»
«በሃያ ሳንቲም ያን ሁሉ ገደል? ለበርበሬ እንኳ አይበቃም!»
«ይደርሳል፣ እሜቴ፤ ለሁሉም እኩል ነው።»
«ላንተ እኩል ይሆናል። መንገዱ ሩቅ ነው፤
ሁለት ለጥፍልኝ።»
ይለጥፋል ሁለት። አንዱን ይመታል፤ አንዱን ይምራል።

ሰባቱም ተመለሱ፤ «ተቀባዩ አልተገኘም» በቀይ ተጽፎባቸው።
ደንቡ ለላኪ መልስ ይላል። አባቴ ከመሳቢያ አኖራቸው።
ስምንተኛው መባቻ እሜቴ ቀረች፤ ሰምታ ይሁን ታማ፣
አልነገረኝም። የተማሩትን ሰባት ለጥፎ፣ ከሥራቸው «የሰው ገንዘብ» ብሎ ጻፈ፣
በእርሳስ፣ መብራት በጠፋበት ጨለማ።

አሁን መስኮት ቁጥር ሦስት ተዘግቷል። ቴምብር ስጪኝ ብላት፣
«የቤት ኪራይ ውል ነው?» አለችኝ ልጅቷ፣ የቀረጡ መስሏት።
«የደብዳቤ» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ እንግዳ እንደመጣባት።

ባለፈው ጥቅምት ገናዦቹ አውራ ጣቱን አሹት፣ አሹት፤
ቀለሙ አልለቀቀም። «ይሁን፣ ይዞት ይሂድ» አሉት።
ፊቱን ሳይሸፍኑ ጎንበስ ብዬ
ግንባሩን ሳምኩት።
ደግሜ ሳምኩት።
መንገዱ ሩቅ ነው።