ጥያቄ ሠላሳ ሰባት

ሀያ ሦስት ዓመት ለጠመኔ ብናኝ ሳንባዬን ገበርሁ፣
ማታ ማታ ደግሞ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ጥያቄ ቀመርሁ፤
ሁለት መቶ አርባ፣ ከክፍልፋይ እስከ ጎነ ሦስት፣
ለአዘዞ ልጆች፣ መጽሐፍ መግዣ ለሌለበት ቤት።
በሲባጎ ሰፍቼ ለክፍሉ አለቃ ሰጠሁት፤
ስሜን ሽፋኑ ላይ መጻፉን፣ ምን ያደርጋል ብዬ ተውሁት።

ጡረታ የወጣሁ ዓመት፣ መታወቂያ ላስገለብጥ ማራኪ ወጥቼ፣
ፎቶ ኮፒ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አየሁት፤ ቀረሁ አፌን ከፍቼ።
ሰማያዊ ሽፋን፣ መቶ ሃምሳ ብር፣ ጽሑፉ በወርቅ ቀለም፦
“በእንዳላማው ሙጨ የተዘጋጀ።” የኔ ስም የትም የለም።
እንዳላማው! የአሥረኛ ሀ፣ መስኮቱን ታኮ የሚቀመጠው፤
ያኔም ማካፈል ነበር፣ ዛሬም ማካፈል ነው የሚያቅተው።

“ለፖሊስ ንገር” አሉኝ ጎረቤቶቼ፣ “አንድ ሌሊት እንኳ ታስሮ ይደር!”
የሱ እጅ ቢታሰር የኔ ስም ይፈታ ነበር?
ፍትሐ ብሔር ይሻለኛል አልሁ፤ እንደ ሒሳብ ነው፣ ይቀመራል፤
የጎደለው ይቆጠራል፣ የወሰደ ይመልሳል፣ ሰላምታው ይቀራል።

አራት ቀጠሮ ሄደ። አንዱን ዳኛዋ ታመው፣ አንዱን መብራት ጠፍቶ፣
አንዱን እሱ ሳይመጣ፤ ከአዘዞ ፒያሳ ስመላለስ ኪሴ ተራቁቶ።
በአምስተኛው ቀረበ፣ ከራቫት አስሮ፣ ዓይኑን ከዓይኔ አሽሽቶ፦
“ክቡር ፍርድ ቤት፣ የሁለት ሲደመር ሁለት ባለቤቱ ማነው?”
ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ፦ “የእርስዎ ማስረጃ ምንድነው?”

“ጥያቄ ሠላሳ ሰባትን ይግለጡልኝ፤ ገጽ አሥራ ስምንት።
ገበሬው መሬቱን ለሦስት ልጆቹ እኩል ያካፍላል፤ መልሱ ስንት?”
“ሩብ፣ ሩብ” ብለው አነበቡ። ችሎቱ ዝም አለ።
“ሻማዬ ያለቀ ሌሊት ነው፤ አንድ ሩብ መሬት ያለ ወራሽ ተንጠለጠለ።”
ደብተሬን አቀረብሁ፤ የሰም ነጠብጣብ አለ፣ እዚያው ስህተቱ ላይ።
እንዳላማው ጣቱን አጥፎ ቆጠረ፤ ቀና አለ ወደ ላይ።
“ሦስቴ ስታሳትመው ይህን አላየህም?”
“የጋሼን መልስ አምኜ ነው” አለ፤ “እሳቸው አይሳሳቱም።”

ከዚያ ወዲያ ስምምነቱ ቀለለ፦ አሥራ ስምንት ሺህ ብር፣ በስድስት ወር ተከፍሎ፣
ሽፋኑ ላይ የኔ ስም፣ የሱ ከሥር፣ “አሳታሚ” ተብሎ።
ዳኛዋ መዝገቡን ዘጉ። ደጅ፣ ዝግባው ሥር፣ ጠበቀኝ፤
“ሠላሳ ሰባትን ላርመው?” ብሎ ጠየቀኝ።
“አርመው” አልሁት።
ባጃጁ ሲነሳ ግን አንገቴን አውጥቼ “ተዋት!” ብዬ ጮኽሁ፤
ሰምቶኝ ይሁን እንጃ፤ አራተኛውን እትም እየጠበቅሁ አለሁ።