ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ

ባርሴሎና፤ ጄኔራሉ ከሞተ ሦስተኛው ክረምት።
ከደረቅ ዓሣ ሱቅ ሥር፣ እርጥብ ምድር ቤት።
እኔ ኤምፓር ነኝ፤ አጣፊ፣ ሰፊ፣ ቆጣሪ፣
በመቶ ቅጂ ሒሳብ፣ በጣቴ አዳሪ።
ላይ ጨው ይራገፋል፤ ታች ቀለም ይሸታል፤
ሁለቱም እጄ ላይ ሳምንት ይከርማል።

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ነግሬ ገባሁ።
ሥዕሉን ግን ማንም አትይ አላለኝም።

ዦፍሬ የሚሥለው ራሱን ነበረ፤
የእናቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ግማሽ ጢም ተላጭቶ፤
በአንደኛው ሳጥን ወንድ፣ በሁለተኛው ሴት፣
በሦስተኛው ደግሞ ስም ያልወጣለት።
ካፉ የሚወጣው የንግግር አረፋ
ባዶ ነው፤ ነጭ ነው፤ ጥርስ እንደወለቀ።
ያን ገጽ ሳጥፍ እጄ ቀስ ይላል፤
የቆሰለን ገላ ማን በኃይል ያጥፋል?

ግን ያው ዦፍሬ ነው፣ ገጹ ሲገለጥ፣
ሴት ሲሥል ጭንቅላቷን የሚረሳ።
ጭን ብቻ፣ ጡት ብቻ፤
አንገቷ ተቆርጦ ሚስማር ላይ የዋለች፣
እንደ ላይኛው ሱቅ ዓሣ።

ኔውስ አንድ ማታ ብዕሯን ወረወረች፦
«አንተ ነጻ ልትወጣ ቀሚስ ስትለብስ፣
እኔን ለምን ታራቁታለህ?»
«ሳንሱር አትሁኚብኝ!» አላት።
«ሳንሱሩ ሞቷል» አለችው፤ «እኔ ግን አለሁ።»
ግማሹ በእሱ ቆመ፣ ግማሹ በእሷ፤
ማተሚያው ብቻ ያጓራል።
እኔ ጥግ ይዤ ሽቦ አስተካክላለሁ፤
ወገን ለመያዝ ደሞዜ አይበቃም።

በሳምንቱ ኔውስ የራሷን አመጣች፤ መካከለኛውን ገጽ።
ሁለት የፈትል ፋብሪካ ሴቶች፣ አንድ ጠባብ አልጋ፣
ፀጉራቸው ላይ ብናኝ ጥጥ፣
በመስኮቱ በኩል የጭስ ማውጫው ቁመት።
እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሌላ ምንም የለም።
የቀረው በሁለቱ ሳጥኖች መሐል ባለችው
ነጭ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ጣት በማትሞላ ስፋት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ በኖርኩባት።

(ሳባዴል፤ የኪራይ ክፍል፤ ሦስተኛ ፎቅ።
እሷ በቀኝ በኩል፣ እኔ በግራ።
ስም አልነበረውም፤ ስም ቢኖረው ኖሮ
ለቄሱ በተናዘዝኩት፣ ይቅርም በተባልኩ።
እሷን ለሹፌር ዳሯት፣ እኔን ለፖስተኛ።)

ስፌት ሕግ አለው፤ ሽቦው ልክ መሐል ይገባል።
የዚያ ገጽ ልክ መሐል ደግሞ እጃቸው ነው።
ፔዳሉን ብረግጥ መዳፍ ይበሳል፤
እግሬ አንጠልጥሎ ቆየ፤
ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ ሰፋሁ።
ሦስት መቶውንም።
መጽሔቱ ተንጋደደ። ዦፍሬ «አርጅተሻል» አለኝ።
ኔውስ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

በመጋቢት ፖሊስ ወረደ፤ ዓሣ ሻጩን ሳይቀር ወሰዱ፤
በጫማቸው ጨው ይዘው ሄዱ።
ዳኛው እጁ እንዳይረክስ በእርሳስ ጫፍ ይገልጣል፤
ቀሚሱን አሳይቶ «ይህ ማን ነው?» ይላል።
ዦፍሬ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«እኔ ነኝ» አለ።
ያ ባዶ አረፋ ቃል ሲገባበት አየሁ።
ስለ ጭንና ጡቱ ገና አልታረቅነውም፤
ያን ጊዜ ግን ቆሜ ላጨበጭብ ዳዳኝ።

«አንቺስ፣ የሰፋሽውን አላየሽም?»
«ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጌታዬ።»
ሳቁ፤ ለቀቁኝ።
ስፌቱ ለምን ተጣመመ ብሎ ቢጠይቀኝ
ያኔ ነበር የምታሰረው፤ ዳኛ ግን ስፌት አያይም።

ደጃፉ ላይ ኔውስ ሲጋራ ለኮሰችልኝ።
«ስሟ ማን ነበር?»
የጭነት መኪናው እስኪያልፍ ጠበቅሁ፤
ከዚያ ነገርኳት።