ቅጠሏን የሳልኋት እኔ ነኝ

ሰኞ ገበያ፣ ቁልቁል ሲሉ፣ ከሰዓት አዳሹ ጎን፣
ከጠዋት እስከ ማታ አትማለሁ፤ የማርም የሽሮም ስም ይሁን፣
የመጣልኝን።

አንድ ቀን ጦይባ መጣች፣ አምስት ብልቃጥ በፌስታል ይዛ፣
የለውዝ ቅቤ፤ ራሷ ቆልታ ፈጭታ፣ ስኳሩን አብዝታ፣ ጨዉን አደብዝዛ።
«ሰው አይቶ ያልፈኛል» አለች፣ «መናኸሪያው በር ላይ ስቆም፣
ቢቀምሱትማ ይገዙ ነበር፤ ብልቃጤ ግን ስም የለውም።»

ሳልሁላት፤ አረንጓዴ፣ ጠል ያዘለች አንዲት ቅጠል፣
(የምን ዛፍ እንደሆነች አላውቅም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ናት፣ ከሺህ ምስል)
ከሥሯም በጉልህ፦ «ተፈጥሯዊ»።
ምን ማለት ነው? እሷ አልጠየቀች፤ እኔም ምንም አላልኋት፤
አምስት ፊደል ነው፤ ቀለም ይበላል፤ የቀለሙን አስከፈልኋት።

በወሩ ተመለሰች፤ አምስቱ ብልቃጥ ሃምሳ ሆኖ፣
ለውዙ ያው፣ ስኳሩ ያው፣ ዋጋው ግን ከጦሳ በላይ ገንኖ።
«አንዲት መምህርት አለች፣ ከሆጤ፣ ድሮ ነክታው የማታውቀው፣
አሁን ዳቦ እንኳ ሳትፈልግ፣ በማንኪያ ስትውጠው!
ልጆቿንም ከረሜላ ነሥታ፣ በዚህ ስታባብላቸው።»
አብረን ሳቅን።

አባቴ፣ አቶ እንድሪስ፣ ስኳር ከያዘው ስምንት ዓመቱ፣
ለኢፍጧር እንኳ ቴምሩን አንድ ብሎ የሚያቆም በጣቱ፣
ማታ ስገባ አገኘሁት፤ ብልቃጥ ታቅፎ፣ ግማሹ ወርዶ፣
ዳቦውን እስከ ክርኑ ወደ ውስጥ ሰዶ።
«አባዬ!» አልሁት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ፣
ቅጠሏን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ እንደ ዓይነ ስውር ፈልጎ።
«አብሽር፤ ከዛፍ የመጣ ነው። ተጽፏል እኮ፤ አንብበው።
ሰው በሚበላው ላይ ማን ይዋሻል? አላህን የሚፈራ ነው የጻፈው።»
(ለውዝ ከዛፍ አይወርድም፤ ቅጠሏ ናት እንዲያ ያስባለችው።)

ከጀርባው «ስኳር» የሚልም አለ፤ እሱንም ያተምሁት እኔ ነኝ፤
ለቅጠሏ ቦታ ቢጠበኝ አሳነስሁት፣ አሳነስሁት፤
ጉንዳን እስኪሆን፣ ለራሴ ዓይን እስኪጠፋኝ።

ማለዳ ቦሩ ሜዳ። ነርሷ ጣቱን ወጋች፤ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች።
«ምን በሉ፣ አባት?» «ተፈጥሯዊ» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።
ብዕሯ አየር ላይ ቀረች።

ሥራውን ትቼ ወጣሁ ብል፣ ለግጥሙ ያምር ነበር፤
ኪራይ አለ። በማግስቱ ከኮምቦልቻ ባለ ዱቄት መጣ፤ «ቅጠሏ ትጨመር።»
ጨመርኋት።

ማታ ፒያሳ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ዘይት ጎን ለጎን ቆመው፣
አንዱ እርቃኑን፤ አንዱ ቅጠል ለብሶ፤
አውቃታለሁ፤ ቀኝ ጠርዟ ጠማማ ነው፤ የእኔው መቀስ ነው የሳተው።
እጄ ሄደ። ሳልልከው።
«ጎበዝ፣ ጥሩውን መረጥህ» ባለሱቁ አለኝ።
ለአፍታ፣ ወላሂ፣ ለአፍታ
ደስ አለኝ።