መቶ ሃያ ነጥብ

የፕሮግራሙ ጸሐፊ ነኝ፤ ማኅተም ያዥ፣ ቁልፍ ጠባቂ፣
መዝገብ ገላጭ፣ ቀን ቆራጭ፣ የዘገየ ክፍያ ጠያቂ።
ከዳውጋቫ ወንዝ ትይዩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ቢሮዬ።
ለመጣ ሁሉ የምነግረውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦
ሁለት ዓመት፣ አራት መንፈቅ፣ መቶ ሃያ ነጥብ።
በየአስራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን።
መጀመሪያ ሕግና የአመራር ንድፈ ሐሳብ፣
ቀጥሎ በጀትና የሰው ኃይል፣
ሦስተኛው ላይ ልምምድ፦ በሰው ትምህርት ቤት፣
በሌላ ርእሰ መምህር ጥላ ሥር፣ ስድስት ሳምንት።
አራተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ። ሰኔ ላይ መከላከያ።
ይኸው ነው።
የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ሰው ነው።

በዚያ ዓመት አስራ ስድስት ተመዘገቡ፦
ሦስት የመዋዕለ ሕፃናት ኃላፊዎች፣
ስፖርት የሚያስተምር ጡረተኛ የባሕር ኃይል መኮንን፣
ጣቶቿ ጠረጴዛ ላይ የማያርፉ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ምክትል፣
ደግሞም ቬልጋ ስትሮዳ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ፣
ከሐይቁ ማዶ፣ ሠላሳ አንድ ልጅ ካለው ትምህርት ቤት።
ሒሳብ ታስተምራለች፤ ምክትል ናት፤ ምድጃ ታነዳለች፤
ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ታስቀምጣለች።
ቅጹ ላይ «ለምን መጡ?» ለሚለው
«ሲወስኑብን ቋንቋቸው እንዲገባኝ» ብላ ጻፈች።
ማኅተሜን መታሁበት።

ዓርብ በበረዶ አውቶቡስ ሲዘገይ፣
እርጥብ ጫማዋ ነው ቀድሞ የሚታይ፤
ደብተሯን ከኮቷ ሥር በብብቷ ይዛ፣
ከማሞቂያው ጥግ ትቀመጣለች ደንዝዛ።

በሁለተኛው መንፈቅ፣ በበጀት ትምህርት፣
ዶክተር ኢማንትስ ስም የሌለው ጥያቄ አደለ፦
«ትምህርት ቤት ‹ሀ›። ተማሪ፦ ሠላሳ አንድ። ጣሪያ፦ አሮጌ።
ማሞቂያ፦ እንጨት። ቅርቡ ሌላ ትምህርት ቤት፦ ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር።
ያስሉ። ይወስኑ።»
ስም አልነበረውም። እሷ ግን ጣሪያውን አወቀችው፤
ባልዲው የትኛው ጥግ እንደሚቀመጥ ለእሷ ማን ይነግራታል?

ቁጥር ዘመድ የለው፣ ቁጥር ፊት አያይሽ፣
ደምሮ ቀንሶ «ዝጊው» ካለሽ፣ አለሽ።

«ይዘጋ» ብላ ጻፈች። ከአስር ዘጠኝ አገኘች፣
ከክፍሉ ሁሉ በላይ።
መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ።
መስኮቴ ላይ መጥታ፣ «ስህተት የለበትም?» አለችኝ።
የለበትም አልኳት።
«አንድም?»
አንድም።
እንደ ሐኪም ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው።

መጋቢት ላይ የወረዳው ምክር ቤት
በሰባት ለአምስት ድምፅ ዘጋው፣
ወረቀቷን ሳያይ፣ ወረቀቷን የሚመስል ምክንያት ጽፎ።
በማግስቱ የጽሑፏን ርእስ ልትቀይር መጣች።
ቀኑ አልፏል አልኳት፤ ቀን ቆራጭ ነኝ ብያለሁ።
አልተከራከረችም። አልሄደችምም።
የማኅተሙን ቀን በጥፍሬ ወደ ኋላ አዞርኩላት።
ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።
«የአነስተኛ ትምህርት ቤቶች አመራር» ተሰረዘ፤
«ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር፦ ስለ አንድ የአውቶቡስ መስመር» ተተካ።

ሰኔ ላይ አምስት ፈታኞች ተደረደሩ።
አንዱ መነጽሩን አውልቆ «ይሄ አስተዳደር ነው ወይስ መጓጓዣ?» አላት።
«ታኅሣሥ ነው» አለች ቬልጋ።
«ንጋት አስራ ሁለት ከአርባ። ጨለማ ነው።
ራይቪስ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጥርጊያው ዳር ቆሟል።
የመንገዱ መብራት በማን በጀት ነው?
ልጁ ቢዘገይ ሾፌሩ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ማን ፈርሞ?
መልሱ ያለበትን ምዕራፍ ፈልጌ አጣሁት፤ ስለዚህ ጻፍኩት።»
መኮንኑ ከኋላ ብቻውን አጨበጨበ፣ አፈረና እጁን ሰበሰበ።

አለፈች። ዲፕሎማዋ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤
ዓርብ የላትምና አልወሰደችውም።
ሌሎቹ በትምህርት ቤቱ ላይ አራት ነጥብ አኖሩ፤
እሷ መቶ ሃያውን ሰብስባ እነዚያን አራቱን እምቢ አለች።
ሾፌሩ እንደነገረኝ፣ በመስከረም የመጀመሪያው ጠዋት
ልጆቹን ቆጠረች፦ ሠላሳ።
ሰውየው ሰዓቱን አየ። ሞተሩ ያጉረመርማል።
ቬልጋ በሩ መሐል ቆማለች፣
አንድ እግሯ መሬት፣ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ፣